የኮምፒዩተር ሞዴል የባሕር ዳርን ሙቀት ያውቀዋል?

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር፣ ከዘንዘልማ በኩል ነው። ጠያቂዋ 500 የእንቁላል ዶሮ የሚይዝ ቤት ሊሠሩ ነው። እንዲህ ይላሉ፦

«ሥልጠና ላይ ሁለት ወረቀት ሰጡን። አንዱ በ2050 ሙቀቱ 1.2 ዲግሪ ይጨምራል ይላል። ሌላኛው 2.6 ይላል። ሁለቱም ከኮምፒዩተር ሞዴል የተገኘ ነው ባዮች ናቸው። አንደኛው ደግሞ የባሕር ዳርን የሚያዝያ የቀን ሙቀት 27 አድርጎ ጽፎታል። ሚያዝያን እዚህ ያሳለፈ ሰው ይስቃል። እነዚህ ሞዴሎች የሞቃት አገርን ከባድ ሙቀት በእርግጥ ያውቁታል? ወይስ ለፈረንጅ አገር ተሠርተው ነው እኛ ላይ የተጫኑት? ቤቱን በየትኛው ቁጥር ላስብ? ስልኬ ላይ ያለው ትንበያስ ከዚሁ ነው የሚመጣው?»

መሳቅዎ ልክ ነው። 27 ዲግሪ የባሕር ዳር ሚያዝያ አይደለም። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 30 ዲግሪ ገደማ ነው። የባሰባቸው ቀናት ከዚያም ያልፋሉ። ወረቀቱን ግን ገና አይጣሉት። ያ 27 ስህተት ሆኖ ሳለ፣ እዚያው ወረቀት ላይ ያለው የጭማሪ ቁጥር ደህና ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ስለሆነ ከዚህ ልጀምር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የአየር ንብረት ሞዴል የአየሩን፣ የውቅያኖሱንና የአፈሩን ነገር በፊዚክስ ቀመር የሚያሰላ ትልቅ ፕሮግራም ነው። ምድርን በካሬ በካሬ ይሸነሽናታል። ለያንዳንዱ ካሬ አንድ ከፍታ፣ አንድ ሙቀት፣ አንድ ዝናብ ይሰጣል። አይፒሲሲ፣ ማለትም የአየር ንብረት ለውጥን የሚገመግመው የመንግሥታት ቡድን፣ ሪፖርቱን የሚያዘጋጅባቸው የዓለም ሞዴሎች በአብዛኛው የካሬያቸው ጎን 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። አንዳንዶቹ ከዚህም ይሰፋሉ።

እስቲ ያንን ካሬ ባሕር ዳር ላይ እንዘርጋው። ጣና ርዝመቱ 84፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የሞዴሉ አንድ ካሬ ደግሞ 10,000 ነው። ስለዚህ ጣና ሙሉ በሙሉ አንድ ካሬ ውስጥ ቢገባ እንኳ ሲሶውን አይሞላም። አንዳንድ ሞዴል ሐይቁን ጨርሶ ይተወውና ሁሉንም መሬት ያደርገዋል። አንዳንዱ ካሬው ውስጥ ይህን ያህል በመቶ ውሃ አለ ብሎ ይመዘግባል። በአፍሪካ ላይ ከተሠሩ ክልላዊ ሞዴሎች፣ ማለትም አንድን አካባቢ ብቻ ከሚያሰሉት፣ መሃል ደግሞ የሐይቅን የውሃ ሙቀት ስለማያሰሉ አቅራቢያ ካለው ባሕር የሚበደሩ ነበሩ። ለጣና አቅራቢያው ባሕር ቀይ ባሕር መሆኑን ልብ ይበሉ። ደጋ ላይ ያለ ሐይቅ የምጽዋን ውሃ ሙቀት ይዞ ሲሰላ የሚወጣውን ውጤት መገመት አያቅትም።

ከፍታውም እንደዚሁ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ነች። ያው ካሬ ግን በምሥራቅ በኩል የጉናን ተዳፋት፣ በደቡብ በኩል የጎጃምን ደጋ አብሮ ሊጠቀልል ይችላል። የካሬው አማካይ ከፍታ 2,200 ሜትር ሆነ እንበል። ሽቅብ በወጣን ቁጥር በየሺህ ሜትሩ አየሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። የ400 ሜትር ልዩነት ብቻውን 2.6 ዲግሪ ይቀንሳል። ከ30 ላይ 2.6 ሲነሳ 27.4 ይቀራል። የወረቀትዎ 27 የመጣው ከዚህ ዓይነት ሒሳብ ይመስለኛል። ሞዴሉ የሚያዝያን ፀሐይ አልረሳትም፤ ባሕር ዳርን ግን ዳገት ላይ አውጥቷታል።

ገበያ ላይ ምንም ሳይጫንበት 200 ግራም የሚያሳይ ሚዛን አለ እንበል። ቅቤ ሻጯ ካወቀችበት ችግር የለውም፤ 200ውን ቀንሳ ትሸጣለች። መነሻው ቢሳሳትም የተጨመረው ክብደት ልክ ነው። እኛም በሥራችን የምናደርገው ይህንኑ ነው። ሞዴሉ የሰጠውን ሙቀት እንዳለ አንወስድም። በሞዴሉ የዛሬና በሞዴሉ የነገ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ወስደን፣ ጣቢያ ላይ በቴርሞሜትር በተለካው ላይ እንደምራለን።

ሚዛኑ ግን ሌላ ዓይነት ጣጣም ሊኖረው ይችላል። ዕቃው በከበደ ቁጥር ስህተቱ አብሮ የሚያድግ ከሆነ 200 መቀነስ አያድንም። ሞዴሉ በተራው ቀን 2 ዲግሪ፣ በጣም በሚሞቀው ቀን ግን 4 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ በአማካዩ የታረመው ቁጥር ለከባዱ ቀን አይሠራም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። የእርስዎ ጥያቄም በእርግጥ ስለዚህ ነው፤ ዶሮዎቹን የሚጎዳው አማካዩ ቀን አይደለምና።

ለምንድን ነው ስህተቱ ከሙቀቱ ጋር የሚያድገው? ዋናው ምክንያት ዝናብ ነው። ነገሩ ግራ ይመስላል፤ ስለ ሙቀት እየተጠየቁ ስለ ዝናብ ማውራት። የፀሐይ ጉልበት መሬት ላይ ሲያርፍ ግን ሁለት ሥራ አለው። አፈሩ እርጥብ ከሆነ ውሃውን ያተናል። ደረቅ ከሆነ የሚያተነው ስለሌለ አየሩን ያሞቃል። ስለዚህ ዝናቡን የሳተ ሞዴል ከባድ ሙቀቱንም ይስታል።

ሐሩር ክልል ላይ ደግሞ ዝናብ ለሞዴል ፈተና ነው። አብዛኛው ዝናባችን ከነጎድጓድ ደመና ይወርዳል። የአንዱ ደመና ወርድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። 100 ኪሎ ሜትር ካሬ ውስጥ ጨርሶ አይታይም። ስለዚህ ሞዴሉ ደመናውን ራሱን አያሰላውም፤ በግምታዊ ቀመር ይተካዋል። ይህ ቀመር የታወቀ ዐመል አለው። ዝናቡን ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ትንሽ ያካፋዋል። ሰዓቱንም ያስቀድማል፤ እኩለ ቀን ላይ ያዘንበዋል። የግንቦት ዝናብ ባሕር ዳር ላይ እንዴት እንደሚመጣ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል። ጠዋት ፀሐይ፣ ቀን ንዳድ፣ ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ ላይ ዱብ ዱብ። ሞዴሉ ግን በስድስት ሰዓት ደመና ይጋርድልዎታል፤ አፈሩንም ያለጊዜው ያረጥበዋል። በዚህ መንገድ በጣም የሚሞቀው ቀን ጫፉ ይቆረጣል።

ይህን የሚያሻሽል ሥራ አለ። የእንግሊዝ የሚቲዎሮሎጂ ተቋም ሲፒ4 አፍሪካ የሚባል ሞዴል ሠርቷል። የካሬው ጎን 4.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ መላው አፍሪካን ይሸፍናል። በዚህ ስፋት ጣና ብቻውን 150 ያህል ካሬ ይይዛል። የነጎድጓድ ደመናውም በግምታዊ ቀመር ሳይሆን ራሱ ይሰላል፤ ዝናቡ ወደ ትክክለኛው ሰዓቱ ይጠጋል። ችግሩ ዋጋው ነው። ስሌቱ እጅግ ብዙ የኮምፒዩተር አቅም ስለሚፈጅ የተሰላው ለአሁኑ 10 ዓመት፣ ለክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ደግሞ ሌላ 10 ዓመት ብቻ ነው። በ50 ዓመት አንዴ የሚመጣን ሙቀት በ10 ዓመት ሒሳብ ውስጥ መፈለግ ከባድ ነው። በሰፊዎቹና በሲፒ4 መሃል ያሉት ኮርዴክስ የሚባሉት ክልላዊ ሞዴሎች ናቸው። 50 ወይም 25 ኪሎ ሜትር ካሬ ይዘው ረጅም ዓመታትን ያሰላሉ። በ25 ኪሎ ሜትሩ ጣና አምስት ካሬ ያህል ያገኛል። ከምንም ይሻላል። የቀን ነፋሱን፣ ማለትም ፀሐይ ሲበረታ ከሐይቁ ወደ የብሱ የሚነፍሰውን፣ በደንብ ለመያዝ ግን አሁንም ሰፊ ነው። ጣና ዳር ያለ ሰፈርና ጥቂት ኪሎ ሜትር ገባ ያለ ሰፈር ከሰዓት በኋላ የሚለያዩት በዚያ ነፋስ ነው።

ሞዴሎቹ ለፈረንጅ አገር የተሠሩ ናቸው ወይ ላሉት፣ ፊዚክሱ ፓስፖርት የለውም። የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ከባድ ሙቀት ከሞዴሎቹ ስሌት ቀድሞ የሄደበት በጣም የታወቀው ቦታ ምዕራብ አውሮፓ ነው። የዓለም ምርጥ ቴርሞሜትሮች ያሉበት፣ የብዙዎቹ ሞዴል ሠሪዎችም ቢሮ ያለበት አካባቢ ማለት ነው። እዚያ የበጋው ትኩስ ቀን አብዛኞቹ ሞዴሎች ካሉት በላይ ፈጥኖ ሞቋል። ስለዚህ ሞዴል ሠሪው ለራሱ ደጅ አድልቷል ማለት አይቻልም።

አድልዎ ያለው ልኬቱ ላይ ነው። ሞዴል የሚፈተነው ያለፈውን ዘመን እንዲያሰላ ተደርጎ ነው። ሲሚፕ6 የሚባለው የሞዴሎች ስብስብ ከ1850 እስከ 2014 ያለውን አስልቷል። ከዚያ ከተለካው ጋር ይመሳከራል። የተለካው የት አለ? በአገራችን ጣቢያዎቹ የበዙት ከተማ ውስጥና መንገድ ዳር ነው። ቆላውና ጠረፉ ሳስቷል። መዝገቡም በየመሃሉ ይቆረጣል። ለዓመቱ አማካይ ጥቂት ቀን ቢጎድል ብዙ አይጎዳም። ለከባድ ሙቀት ግን የጎደለችው ቀን ራሷ የዓመቱ ትኩስ ቀን ልትሆን ትችላለች። ቴርሞሜትሩ ሲበላሽ፣ መዝጋቢው ሲታመም፣ ያቺ ቀን አለፈች ማለት ነው።

ክፍተቱን ለመሙላት ተመራማሪዎች ሪአናሊሲስ፣ ማለትም ያለፈውን ዘመን አየር መልሶ የሚያሰላ መዝገብ፣ ይጠቀማሉ። የታወቀው የአውሮፓው ኢአርኤ5 ነው፤ ካሬው 31 ኪሎ ሜትር፣ መነሻው 1940። ጠቃሚ ነው፤ እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። ግን እሱም ሞዴል ነው። ልዩነቱ ከሳተላይት፣ ከባሉንና ከጣቢያ በሚመጣ መረጃ በየጊዜው መታረሙ ነው። መረጃው በሳሳበት ቦታ እርማቱም ይሳሳል። «ሞዴሉ ኢትዮጵያ ላይ ግሩም ነው» የሚል ጥናት ሲያጋጥምዎት መጀመሪያ ከምን ጋር እንደተመዘነ ይዩ። ሞዴል በሞዴል ተመዝኖ ከሆነ ውዳሴውን ቀነስ አድርገው ይውሰዱት። የእኛው ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከአሜሪካው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ያዘጋጀው ኢናክትስ የሚባል መረጃ አለ። የጣቢያ ልኬትን ከሳተላይትና ከሪአናሊሲስ ጋር አዋሕዶ በ4 ኪሎ ሜትር ካሬ ያቀርባል። ለእኛ አገር ሥራ እሱን አስቀድማለሁ።

ልኬት ብቻ አይደለም የጎደለው። ኤም-ዳት የሚባል ዓለም አቀፍ የአደጋ መዝገብ አለ። በ2020 ሁለት ተመራማሪዎች ሲያዩት፣ ከሰሃራ በታች ላለው አፍሪካ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ የተመዘገበው የሙቀት ማዕበል ሁለት ብቻ ነበር። ለአውሮፓ ግን በ40 ዓመት ውስጥ 83። አፍሪካ ውስጥ ሙቀት ሰው አይጎዳም ማለት አይደለም። የሚጽፍ የለም ማለት ነው። በ2024 መጋቢት ላይ ደቡብ ሱዳን በሙቀቱ ምክንያት ትምህርት ቤት ዘግታለች። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 3 ቀን ማሊ ውስጥ ካየስ በምትባል ከተማ 48.5 ዲግሪ ተለካ። ዎርልድ ዌዘር አትሪቢዩሽን የሚባለው የሳይንቲስቶች ቡድን፣ እስከዚያ ጊዜ የመጣው የ1.2 ዲግሪ ዓለም አቀፍ ሙቀት ባይኖር ይህ አይከሰትም ነበር ብሏል። ካየስ ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቅ ኬክሮስ ላይ ነች። እርስዎን ከዚያ ያተረፈዎት በዋናነት ከፍታው ነው።

አሁን ሞዴሎቹን ላመስግን። በሐሩር ክልል የሚያግዛቸው አንድ ነገር አለ፤ የእኛ ሙቀት ከዓመት ዓመት ብዙ አይዋዥቅም። አውሮፓ ውስጥ አንዱ ሐምሌ ከሌላው ሐምሌ በብዙ ዲግሪ ሊለይ ይችላል። እዚያ የ1 ዲግሪ ጭማሪ በግርግሩ ውስጥ ይደበቃል። ባሕር ዳር ላይ ግን አንድ ሚያዝያ ከሌላው ሚያዝያ ብዙ አይለይም። ስለዚህ 1 ዲግሪ ሲጨመር፣ ድሮ ብርቅ የነበረው ሙቀት ተራ ቀን ይሆናል። ለውጡ ቀድሞ የሚታወቀው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ሞዴሎቹም በዚህ ይስማማሉ። የተለካውም ያንኑ ይላል፤ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ 1.3 ዲግሪ ጨምሯል። በ2007 የወጣው አገራዊ የመላመድ ዕቅድ ደግሞ ዝቅተኛው፣ ማለትም የሌሊቱ ሙቀት በየ10 ዓመቱ 0.37 ዲግሪ እንደጨመረ ጽፏል።

ሁለተኛው የሚያግዛቸው ነገር ወበቅን ይመለከታል። ወበቅ ሲባል ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ነው። የሚለካውም በእርጥብ ቴርሞሜትር ነው፤ ጫፉ በረጠበ ጨርቅ ተጠቅልሎ ላብ በሚደርቅበት መንገድ የሚቀዘቅዝ ቴርሞሜትር። እሱ 35 ከደረሰ ጤነኛ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦም ሰውነቱን ማቀዝቀዝ አይችልም የሚል ስሌት በ2010 ወጣ። በኋላ አሜሪካ ውስጥ በወጣቶች ላይ የተደረገ ሙከራ ገደቡ ከዚያ ዝቅ ብሎ 31 አካባቢ እንደሆነ አሳየ። በምድር ወገብ አካባቢ የላይኛው አየር ሙቀት ከቦታ ቦታ ብዙ አይለያይም። ታች ያለው አየር ሞቆና ረጥቦ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ሽቅብ ይነሳና ደመና ይሆናል፤ ይዘንባል። ለወበቅ የተፈጥሮ ጣሪያ አለው ማለት ነው። በ2021 ኔቸር ጂኦሳይንስ ላይ የወጣ ጥናት፣ በዚህ ምክንያት የሐሩር ክልሉ የከባድ ወበቅ ጫፍ ከክልሉ አማካይ ሙቀት ጋር እኩል በእኩል እንደሚጨምር አሳይቷል፤ 1 ዲግሪ ለ1 ዲግሪ። ለዚህ ነው ሞዴሎቹ በደረቁ ሙቀት ከሚለያዩት ባነሰ በወበቅ ላይ የሚለያዩት።

በዚያው ዓመት፣ እዚያው መጽሔት ላይ ሌላ ጥናት ወጥቷል። እሱ ደግሞ የሚያየው ተራውን ቴርሞሜትር ነው። በሐሩር ክልል የብስ ላይ በጣም የሚሞቁት ቀናት ከአማካዩ ቀን በአንድ አምስተኛ ያህል አብልጠው ይሞቃሉ ይላል። ምክንያቱ እነዚያ ቀናት ደረቅ መሆናቸው ነው። ሁለቱ ጥናቶች አይጋጩም። አንዱ ስለ ወበቅ፣ ሌላው ስለ ደረቅ ንዳድ ነው የሚያወራው።

ባሕር ዳር ላይ ሁለቱም በየተራ ይመጣሉ። መጋቢትና ሚያዝያ የደረቅ ንዳድ ወራት ናቸው። 30 ዲግሪ ላይ እርጥበቱ 40 በመቶ ቢሆን እርጥብ ቴርሞሜትሩ 20 አካባቢ ነው የሚቆመው። ከ31ም ከ35ም በጣም ይርቃል። ስለዚህ «አገሩ ሰው የማይኖርበት ይሆናል» የሚል ወሬ ሲሰሙ ለባሕር ዳር አይደለም ይበሉ። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ለሚወርደው የቀን ሠራተኛ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በታች ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ ሙቀቱም እርጥበቱም ይደራረባል። ስለ ጣና ዳር ሰዎችና ስለ ሙቀት ሲጠና እነዚያ ወንድሞቻችን የሚረሱ ይመስለኛል።

ግንቦት ወሳኝ ወር ነው። ዝናቡ ቶሎ ከጀመረ ሙቀቱ ይሰበራል። ከዘገየ ንዳዱ እስከ ሰኔ ይጎተታል። ይህን ነው ሞዴሎቹ አጥብቀው ሊነግሩን የማይችሉት። የክረምት ዝናባችን ከኤልኒኞ ጋር የተያያዘ ነው፤ የ2015 ድርቅ የዚያ ውጤት ነበር። ኤልኒኞ የሚወለደው ፓሲፊክ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሞዴሎቹ ያለፉትን አሥርት ዓመታት የባሕር ሙቀት አካሄድ በደንብ አልያዙትም። ከምሥራቁ ፓሲፊክ ብዙው ክፍል ሞዴሎቹ ያሰቡትን ያህል አልሞቀም። ሙቀት ይጨምራል የሚለውን ያለ ማመንታት እቀበላለሁ። የግንቦቱ ዝናብ በ2050 ይዘገያል ወይስ ይፈጥናል የሚል ሰው ሲመጣ ግን የሞዴሎቹን ብዛት እጠይቀዋለሁ። የአንድ ሞዴል ወሬ ከሆነ አልሰማም።

ወደ ሁለቱ ወረቀቶች እንመለስ። 1.2 እና 2.6 የተጣሉ ይመስላሉ፤ ላይጣሉም ይችላሉ። መጀመሪያ መነሻውን ይዩ። ጭማሪው ከመቼ ጀምሮ ነው የተቆጠረው? ከ1850–1900 ከተቆጠረ፣ እስከ 1995–2014 ባለው ጊዜ ብቻ ዓለም 0.85 ዲግሪ ሞቃ ነበር። ይህ እርስዎ የሚያውቁት ባሕር ዳር ውስጥ ገብቷል፤ እንደገና መደመር የለበትም። ብዙ የሥልጠና ወረቀት ይህን ሳይነግር ቁጥር ይለጥፋል። ቀጥሎ የልቀት መንገዱን ይጠይቁ፤ ዓለም ጭሷን ትቀንሳለች ተብሎ ነው ወይስ አትቀንስም? ለ2050 ይህ ብዙ አይለያይም። በአይፒሲሲ የ2021 ሪፖርት ለ2041–2060 ዝቅተኛ ልቀት ያለው መንገድ 1.7፣ መካከለኛው 2.0፣ ከፍተኛው 2.4 ይሰጣል፤ ሁሉም ከ1850–1900 ተቆጥሮ። ልዩነቱ የሚሰፋው በኋላ ነው።

ከዚያ ሞዴሉን ራሱን ይዩ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእጥፍ ሲጨምር ምድር በመጨረሻ ስንት ትሞቃለች የሚለው ላይ የሲሚፕ6 ሞዴሎች ከ1.8 እስከ 5.6 ዲግሪ ይለያያሉ። አይፒሲሲ ሌሎች ማስረጃዎችን አይቶ ከ2.5 እስከ 4 ያለውን ነው ሊሆን የሚችል ያለው። ስለዚህ ከመጠን በላይ የሚሞቁ ሞዴሎች አሉ። ሁሉንም እኩል አማክሎ ያወጣ ወረቀት ቁጥሩ ከፍ ይላል። 2.6ቱ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ወይም ደግሞ አንዱ አማካዩን ቀን፣ ሌላው ትኩሱን ቀን ጽፎ ይሆናል። ወረቀት ሰጪዎቹን ይጠይቋቸው። ካልመለሱ ቁጥሩን ለግድግዳ ጌጥ ይተዉት።

ለቤቱ እኔ እንዲህ አስባለሁ። የመካከለኛውን መንገድ 2.0 ይዘን 0.85ቱን እንቀንስ፤ 1.15 ይቀራል። ይህ የዓለም አማካይ ነው፤ የብስ ከባሕር በላይ ስለሚሞቅ 1.5 እናድርገው። ትኩሱ ቀን በአንድ አምስተኛ ይበልጣል ካልን 1.8። እንግዲህ 2 ዲግሪ ይበሉት። ሻካራ ሒሳብ ነው፤ ለጣሪያ ግን ይበቃል። ባሕር ዳር ካለው የሚቲዎሮሎጂ ቢሮ የመጋቢት፣ የሚያዝያና የግንቦትን የየቀኑን ከፍተኛ ሙቀት ይጠይቁ። አማካዩን አይደለም፤ የየዓመቱን ትኩስ ቀናት። በእነሱ ላይ 2 ይደምሩ። ከዚያ 3 ቢሆንስ ብለው ቤቱን አንዴ ይፈትኑት። 3ቱ ብዙ ወጪ የማይጨምር ከሆነ በ3ቱ ይሥሩ።

ድግግሞሹም አለ። አይፒሲሲ ድሮ በ10 ዓመት አንዴ ይመጣ የነበረን የሙቀት ቀን ተከትሎታል። ዓለም በ1 ዲግሪ ስትሞቅ በ10 ዓመት 2.8 ጊዜ፣ በ1.5 ዲግሪ 4.1 ጊዜ፣ በ2 ዲግሪ 5.6 ጊዜ ይመጣል። የዓለም የብስ አማካይ ነው፤ የዘንዘልማ አይደለም። ግን «አንድ ክፉ ዓመት ነው፣ ያልፋል» በሚል ሒሳብ ዶሮ ቤት መሥራት እንደማያዋጣ ያሳያል።

ሞዴሉ የሚሰጠው ቁጥር ሁሉ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ከመሬት 2 ሜትር ከፍ ብሎ ያለን አየር ነው። ከቆርቆሮ ሥር ያለው ሙቀት የሞዴሉ ጉዳይ አይደለም። እኩለ ቀን ላይ የጋለ ቆርቆሮ የሚጨምረው ሙቀት ከ2050 ጭማሪ በቀላሉ ይበልጣል። ዶሮ ላብ የላትም፤ በማለክለክ ነው የምትቀዘቅዘው። ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ መኖ ትቀንሳለች፤ የእንቁላሉ ቅርፊት ይሳሳል። ስለዚህ የቤቱን ረጅም ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጉት፤ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያገኘው አጭሩ ግድግዳ ይሁን። ረጃጅሞቹን ጎኖች ከታች አጭር ግንብ፣ ከላይ የወንፊት ሽቦ ያድርጓቸው። ከቆርቆሮው ሥር የሸንበቆ ወይም የደንገል ኮርኒስ ይግባ፤ በመሃላቸው አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተዉ። የጣሪያው ጫፍ ላይ ትኩሱ አየር የሚወጣበት ክፍት ቦታ ይኑር። ሌሊቱ እየሞቀ መሆኑን ከላይ አይተናል፤ ዶሮዎቹ የቀኑን ድካም የሚያራግፉት በሌሊት ስለሆነ ማታ ማታ መጋረጃውን ዘግተው አያፍኗቸው። ወበቅ ባለበት ቀን ውሃ መርጨት ብዙ አይረዳም። በመጋቢቱ ደረቅ አየር ግን ይሠራል።

ስልክዎ ላይ ያለው ትንበያ ከሌላ ሞዴል ነው የሚመጣው። የአየር ንብረት ሞዴል ከ1850 ተነስቶ ራሱን ችሎ ይጓዛል፤ የየትኛውንም ዓመት ሚያዝያ 12 አይተነብይም። የስልኩ ሞዴል የዛሬን ልኬት ይዞ ተነስቶ ጥቂት ቀን ወደፊት ያሰላል። ካሬውም ይጠባል፤ የአውሮፓው ማዕከል 9፣ የአሜሪካው 13 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ቢሆንም የካሬ ከፍታ ጣጣው እሱንም አይለቀውም። ቴርሞሜትር ይግዙና ጥላ ውስጥ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርገው ይስቀሉ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከስልኩ ጋር ያስተያዩት። ልዩነቱ ሁልጊዜ ያው ከሆነ ያንን ደምረው ይጠቀሙበት። በደረቁ ወር አንድ ዓይነት፣ ዝናብ ሲገባ ሌላ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ለሁለቱ ወቅት ለየብቻ ይያዙት።